የፈረስ ዘርና የፈረስ ዋጋ፦ በጎጃም የግልቢያ ፈረስ ለሚገዙ

በጎጃም የፈረስ ገበያ ገዢን አብዝቶ የሚያስከፍለው ቃል «ዘሩ የታወቀ ነው» የሚለው ነው። ሻጩ ይህን ሲናገር እየዋሸ ላይሆን ይችላል። እናቲቱን ያውቃት ይሆናል፤ አባቱንም በጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ሜዳ ላይ ሲጋልብ አይቶት ይሆናል። ገዢው ግን ለዚያ ቃል ስንት ብር መጨመር እንደሚገባው የሚያሰላበት መንገድ ስለሌለው፣ ወይ ያለ ልክ ይከፍላል፣ ወይ ሁሉንም ሐሰት ነው ብሎ ጥሩ ፈረስ እያየ ያልፋል። ለዘር የሚከፈለው ብር ከዘሩ ማስረጃ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ማስረጃው ደግሞ በብዙ መንገድ ሊመዘን ይችላል።

በሌላው ዓለም አንድ ፈረስ ንጹህ ዝርያ የሚባለው እናቱም አባቱም በአንድ የዘር መዝገብ ውስጥ ሲሰፍሩ ነው። በእንግሊዝ አገር የተገኘው ቶሮብሬድ የተባለው የእሽቅድምድም ፈረስ የዘር መዝገብ መታተም የጀመረው በ1791 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት የዚህ ዝርያ ፈረሶች ሁሉ በአባት መስመር ሲቆጠሩ ከምሥራቅ ወደ እንግሊዝ ከገቡ ሦስት ድንጉላዎች (ያልተኮላሹ ወንድ ፈረሶች) ይወርዳሉ። የዐረብ ፈረስም የራሱ መዝገብ አለው። እንዲህ ያለውን ፈረስ የሚገዛ ሰው ከፈረሱ ጋር የምዝገባ ወረቀቱን፣ የመልኩንና የምልክቶቹን መግለጫ፣ አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን የማይክሮቺፕ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም በዘረመል ምርመራ የተረጋገጠ የወላጆቹን ማንነት ይቀበላል። ወረቀቱ ከሌለ፣ ፈረሱ የቱንም ያህል ዐረብ ቢመስል፣ የሚከፈልለት የአንድ ጥሩ ፈረስ ዋጋ ብቻ ነው። «የውጭ ደም አለበት» የተባለ ፈረስ የሚቀርብለት ሰው ይህን አጥብቆ ይያዝ።

የአገራችንን ፈረሶች በተመለከተ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በስምንት ከፍሏቸዋል፦ አቢሲኒያ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ ቁንዱዶ፣ ኦጋዴን እና ሰላሌ። ይህ ተመራማሪዎች የሰውነትን ቅርጽና መኖሪያን አይተው ያደረጉት ምደባ ነው። ለአንድ ግለሰብ ፈረስ የልደት ማስረጃ አይሰጥም። ስለዚህ በዳንግላ ወይም በቡሬ ገበያ የቆመ ፈረስ ንጹህ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ከማንም አይጠበቅም፤ ወረቀት የሚያሳይ ሻጭ ቢገጥምዎ እንዲያውም ይበልጥ ይጠርጥሩ።

ታዲያ መዝገቡ ያለው በሰው ዘንድ ነው። አዊን የመሰለ አካባቢ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱም ጥር 23 ፈረስ በዐድዋ ዘመቻ የዋለውን ውለታ ይዘክራል። ፈረስ በሠርግ፣ በልቅሶና በበዓል በሚታይበት አገር የአንዲት ታዋቂ ባዝራ (ሴት ፈረስ) ውርንጭሎች ለማን እንደተሸጡ የሚያስታውስ ጎረቤት አይጠፋም። ይህን ትዝታ እንደ ማስረጃ መቁጠር ተገቢ ነው፤ መመርመር ግን ያስፈልጋል። እናቲቱ በሕይወት ካለች ይዩአት። ወንድሞቹና እኅቶቹ የት እንዳሉ ይጠይቁና ሁለቱን እንኳ ሄደው ይመልከቱ፤ እግራቸው ቀጥ ያለ፣ ጠባያቸው የሰከነ፣ በእርጅናቸውም የሚሠሩ ከሆኑ ሻጩ ስለ ዘሩ የነገረዎትን የሚደግፍ ማስረጃ ነው። ስለ ፈረሱ የሚጠይቋቸው ሰዎች ከሽያጩ የሚያገኙት ጥቅም የሌላቸው ይሁኑ። ደላላውና የሻጩ አማች ለዚህ አይበቁም።

አሁን ብዙ ገዢ የሚስተውን ነገር እንይ። የዘር ዋጋ ለሁሉም ፈረስ እኩል አይደለም። ለ3 ዓመት ጥጋበኛ፣ ገና ኮርቻ ላልለመደ ፈረስ፣ ነገ ምን እንደሚሆን የሚጠቁመው ከቁመናው ቀጥሎ የወላጆቹ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ለዘሩ መጨመር ምክንያት አለው። ለ8 ዓመት የተገራ ፈረስ ግን ዘሩ ሊነግርዎት የሚችለውን ፈረሱ ራሱ በግልጽ ያሳይዎታል። የተኮላሸ ሰንጋ ፈረስ ከሆነ ደግሞ የአያቱ ዝና ለእርስዎ ውርንጭላ አይሰጥዎትም። ለሰንጋ ፈረስ የዘር ክፍያ የሚጠይቅ ሻጭ የማይጠቀሙበትን ነገር እየሸጠልዎ ነው። ዘሩ ሙሉ ዋጋ የሚያወጣው ሊያራቡ ለሚገዙት ድንጉላ ወይም ባዝራ ነው፤ ባዝራ 11 ወር ገደማ እንደምታረግዝና በአንድ ጊዜ አንድ ውርንጭላ እንደምትሰጥ አስበው ያስሉ።

ከዘር በፊት መታየት ያለበት ዕድሜ ነው፤ ዕድሜ የሚነበበውም በጥርስ ነው። የፈረስ የፊት የወተት ጥርሶች ከመካከል ጀምረው ወደ ዳር ይለወጣሉ። የመካከሎቹ በ2 ዓመት ተኩል፣ ቀጥለው ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ይወድቃሉ፤ በ5 ዓመቱ የፊት ጥርሶቹ ሁሉ የአዋቂ ናቸው። ከዚያ ወዲያ የታችኞቹን ጥርሶች ጫፍ ይመልከቱ፤ ጫፋቸው ላይ ጠቆር ያለ ጉድጓድ አለ። ይህ ጉድጓድ በመካከሎቹ ላይ በ6፣ በተከታዮቹ ላይ በ7፣ በዳሮቹ ላይ በ8 ዓመት ገደማ በመበላት ይጠፋል። በ10 ዓመት ገደማ በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር ቀጭን ቦይ ብቅ ይላል፤ በ15 ዓመት እስከ ጥርሱ ግማሽ፣ በ20 ዓመት እስከ ጫፉ ይወርዳል። ወጣት ፈረስን ከጎን ሲያዩት የላይና የታች ጥርሶቹ ቀጥ ብለው ይገጥማሉ፤ ባረጀ ቁጥር ወደ ፊት ይሾላሉ። አሸዋ የበዛበት ግጦሽ ጥርስን ቶሎ ስለሚበላ አንድ ወይም ሁለት ዓመት መሳሳት አለ። ጥርስን ሞርዶ ወይም ጉድጓዱን አጥቁሮ ያረጀውን ወጣት የሚያስመስል ሰውም አይጠፋም፤ ስለዚህ ጉድጓዱን ብቻ ሳይሆን የጥርሱን መሹለል፣ ከዓይኑ በላይ ያለውን ጎድጓዳ ቦታና የፊቱን ሽበት አብረው ይዩ።

ዕድሜ ዋጋን እንዴት እንደሚለውጠው በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የሚከተሉት ዋጋዎች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንዱ ፈረስ 7 ዓመቱ ነው፣ ሻጩ 90,000 ብር ይጠይቃል። ሌላው 14 ዓመቱ ነው፣ ዋጋው 60,000 ብር ነው። ሁለቱም በደንብ ከተያዙ እስከ 18 ዓመታቸው ያገለግላሉ እንበል። የመጀመሪያው 11 የሥራ ዓመት ይቀረዋል፤ በዓመት 8,200 ብር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው 4 ዓመት ይቀረዋል፤ በዓመት 15,000 ብር ይሆናል። ርካሽ የተባለው ፈረስ ዓመታዊ ዋጋ የሌላውን ሁለት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ለልጅ ወይም ለጀማሪ ጋላቢ የሚገዛ ከሆነ ግን የ14 ዓመቱ፣ የሰከነውና መንገድ የለመደው፣ ከፍ ያለውን ዓመታዊ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል፤ ስሌቱ ይህን አያሳይም፣ ገዢው ማሰብ አለበት።

ዋጋን ከምንም በላይ የሚያወርደው እግር ነው። ፈረሱን ሲመለከቱ ሳይሞቅ፣ ከበረቱ ሲወጣ፣ ቢቻል በማለዳ ይዩት። ሻጩ ከመምጣትዎ በፊት ሲያጋልበው ከቆየ ያልታየ ማነከስ ሊኖር ይችላል፤ አንዳንድ የእግር ሕመም ሲሞቅ ይጠፋልና። ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ እንዲያስሮጡት ይጠይቁ። የፊት እግሩ የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ የኋላ እግሩ የሚያመው ደግሞ በዚያ በኩል ያለው ዳሌው ከሌላኛው ይበልጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ከዚያ ሰኮናውን አንስተው ይዩ፤ ሥሩ የሚሸት፣ የተሰነጠቀ ወይም ዙሪያውን የተደራረበ ቀለበት ያለበት ከሆነ ቀደም ሲል ታሞ እንደነበር ይጠረጠራል። የደጋው ፈረስ ብዙውን ጊዜ የብረት ጫማ ሳይገባለት በራሱ ሰኮና ድንጋይ ላይ የሚሄድ ነውና፣ ሰኮናው ለሥራው ዕድሜ ወሳኝ ነው።

ጀርባውና ጫንቃው ላይ ነጭ ጠጉር ያበቀለ ጠባሳ ካለ የኮርቻ ቁስል ድኖ ነው፤ የቆዳ ቁስል ሲድን ቦታው ላይ ነጭ ጠጉር ይበቅላል። የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ እኔ ግን ዋጋ የምቀንስበት ነገር ነው። በአዊ ፈረስ እርሻ ላይም ስለሚውል የአንገቱና የደረቱ ቆዳ ላይ የቀንበር ጠባሳ ያለበት ፈረስ ሊያዩ ይችላሉ። ይህ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ተጋልቦ የማያውቀውን ግን «የግልቢያ» ብሎ መሸጥ ጥፋት ነው። አፉንም ይክፈቱ፤ የአገራችን ልጓም ጠንካራ ስለሆነ በምላሱና በድዱ ላይ ቁስል ያለበት ፈረስ ክፉኛ ተይዟል ማለት ነው፤ ክፉኛ የተያዘ ፈረስ ለልጓም ደንዳና ስለሚሆን የሥልጠና ዋጋው ይወርዳል። ገበያ መካከል በአለንጋ እየተቀጠቀጠ እንዲዘል የሚደረግ ፈረስ ሳይ ያመኛል፤ ያ ፈረስ ፈርቶ ነው የሚዘለው፤ ጉልበቱን ለማየት እንዲህ ማድረግ አያስፈልግም። ሲያርፍ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16 ነው። በሶምሶማና በሽምጥ ከተሠራ በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ልቡ ወደዚያ መጠጋቱን መቁጠር፣ ከማንኛውም ዝላይ በላይ ይነግርዎታል።

ሥልጠናና አካሄድ የፈረሱን ዋጋ ከፍ የሚያደርጉት ነገሮች ናቸው። ሰጋር ፈረስ ጀርባ ላይ ጋላቢው ሳይናጥ ይሄዳል፤ ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ሰው ይህ ከውበትም ከፍጥነትም ይበልጣል። የጉግስ ፈረስ ደግሞ ሌላ ነው፤ በሽምጥ እየሄደ መታጠፍ፣ ድንገት መቆም፣ ጩኸትና ሰልፍ መልመድ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ማነጻጸር ስሕተት ነው። ጥር 23 ለመሰለፍ የሚገዛ ሰው ለጉግሱ ይክፈል፤ ወደ ደብረ ማርቆስ መንገድ በመኪናና በባጃጅ መካከል ለመሄድ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሰክኖ ለሚያልፍ ፈረስ ይክፈል። እኔ ዘንድ ሳይደነግጥ በመኪና አጠገብ ማለፍ ራሱን የቻለ ሥልጠና ነው፤ ዋጋ ሊወጣበትም ይገባል። ሻጩ «እንደ ልብዎ ይሆናል» ካለዎት ቀደምቶቻችን እንደሚሉት ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፤ መጀመሪያ ባለቤቱ ይጋልበው፣ ከዚያ እርስዎ ይውጡ። ባለቤቱ አልወጣም ካለ፣ እርስዎም አይውጡ።

ሌላው የሚረሳው የጋላቢው ክብደት ነው። የአገራችን ደጋ ፈረስ አነስ ያለ ነው። ሚዛን ባይኖር በሜትር ማወቅ ይቻላል፦ ከፊት እግሮቹ ጀርባ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲሜትር ይለኩ፣ ቁጥሩን በራሱ ያባዙ፣ ውጤቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ባለው ርዝመት ያባዙ፣ ከዚያ ለ11,880 ያካፍሉ። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 135 ሴንቲሜትር የሆነ ፈረስ 256 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ፈረስ ሳይጎዳ እንዲሸከም የሚመከረው ኮርቻውን ጨምሮ ከክብደቱ 20 በመቶ ገደማ ነው፤ ለዚህ ፈረስ 51 ኪሎ ይሆናል። ከባድ ሰው ከሆኑ ወይ ትልቅ ፈረስ ይፈልጉ፣ ወይ ከእንስሳው ሥራ ይቀንሱ፤ ለክብደትዎ የሚያንሰውን ፈረስ ግን በየትኛውም ቅናሽ አይግዙ።

ክብደቱ መኖውንም ይነግርዎታል። ፈረስ በቀን የሰውነቱን ክብደት 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፤ ከላይ የተጠቀሰው ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ገደማ ድርቆሽ፣ በዓመት 1,800 ኪሎ ይፈልጋል። በሠፈርዎ የድርቆሽ ዋጋ ሲያባዙት የግዢው ዋጋ ከሁለት ሦስት ዓመት ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ስለዚህ ጥቂት ሺህ ብር ለማትረፍ ጤናው የሚያጠራጥር ፈረስ መግዛት ስሌቱ አይደግፈውም።

ስለ ጤናው የእንስሳት ሐኪም ማስመርመር የገዢ ግዴታ እንደሆነ አድርገው ይውሰዱት፤ የሚያስከፍለው ከፈረሱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሁለት በሽታዎች ላይ ትኩረት ያድርጉ። አንደኛው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው፤ በጥቃቅን ትንኞች የሚተላለፍና ሳንባውን በፈሳሽ የሚሞላ ቫይረስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ በሽታ ስለሆነ፣ ከበሽታው ጋር ያልኖረ የውጭ ፈረስ ወደዚህ ሲመጣ ከባድ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ለውጭ ዝርያ ብዙ ብር ከመክፈልዎ በፊት ክትባት መከተቡን ያረጋግጡ። ሁለተኛው በፈንገስ የሚመጣው የቆዳ ሥር በሽታ ነው፤ በእግርና በአንገት ላይ ገመድ መስለው የተደረደሩ እባጮች ይታያሉ፣ ይፈነዳሉ፣ መግል ያወጣሉ። ይህን ካዩ ዋጋ ለመቀነስ አይደራደሩ፤ ወደ ሌሎች ፈረሶችዎም ይተላለፋልና ገበያውን ጥለው ይሂዱ። መንጋጋ ሥር ያለው እጢ ካበጠና ከአፍንጫው ወፍራም ፈሳሽ ከወረደም እንዲሁ ያድርጉ።

የዋጋው መነሻ ከየት ይመጣል? የተጠራውን ዋጋ ሳይሆን የተከፈለውን ይጠይቁ። በዚያ ሳምንት በእንጅባራ፣ በደምበጫ ወይም በሞጣ አካባቢ ሦስት ፈረስ የገዙ ሰዎችን ፈልገው፣ ዕድሜና ሥልጠናውን ጠይቀው የከፈሉትን ካወቁ የጤናማ፣ የመካከለኛ ዕድሜ፣ ሥልጠና ያለው ፈረስ መነሻ ዋጋ ያገኛሉ። ከዚያ ላይ ለተሻለ ሥልጠናና ለሰጋርነት ይጨምሩ፤ ለጉድለት ይቀንሱ። ጉድለትን በሁለት ይክፈሉት። ከሲታ ፈረስ፣ ሰኮናው ያልተስተካከለ ፈረስ፣ ጠጉሩ የከሳ ፈረስ በመኖና በጥንቃቄ ይታረማል፤ ወጪውን አስልተው ያን ያህል ይቀንሱ። እንዲያውም ከሲታ ፈረስ ላይ አጥንቱን በግልጽ ማየት ስለሚቻል የተሻለ ግዢ ሊሆን ይችላል፤ የሰባ ፈረስ ሥጋው ብዙ ጉድለት ይሸፍናል። የቆየ ማነከስ፣ የታወረ ዓይን፣ መናከስና መራገጥ የለመደ ጠባይ ግን ብር የማያስተካክላቸው ናቸው፤ በእነሱ ላይ ቅናሽ አይሰላም። የዘሩ ጭማሪ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው፤ ለማስረጃው ጥንካሬና ለዓላማዎ የሚመጣጠን መሆን አለበት። አምባላይ፣ ዳማ፣ ቦራ ወይም ጉራቻ መሆኑም በመልኩ ምክንያት ለሚወዱት ሰው ዋጋ አለው፤ ለሰልፍና ለሠርግ ካስፈለገ ተገቢ ነው፣ ከጉልበት ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም።

ጊዜውንም ይምረጡ። ጥምቀትና ጥር 23 ሲቃረቡ ፈላጊው ስለሚበዛ ሻጩ ከፍ ብሎ ይጠራል፤ ለዚያ ዓመት በዓል ካላስፈለገዎት ግዢውን ከበዓሉ በኋላ ያድርጉ። ገበያ ውስጥ ከመግዛት በባለቤቱ ቤት መግዛት ይሻላል፤ ፈረሱን በለመደው ቦታ፣ በማለዳ፣ ያለ ደላላ ማየት ይቻላልና።

ዋጋ ከተስማሙ በኋላ ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ፤ ሁለት እማኝ፣ ቢቻል ዋስ ይኑርበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ የሸጠው ነገር ከጉድለት ነጻ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ይደነግጋል፤ ገዢው ደግሞ ዕቃውን እንደቻለ መርምሮ ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። በውሉ ጊዜ ያወቁትን ጉድለት በኋላ ሊያነሡ አይችሉም። ስለዚህ ውሉ ላይ የፈረሱ ዕድሜ፣ ጾታ፣ መልክና ምልክቶች፣ ሻጩ የነገረዎት የእናቱ ባለቤት፣ ክትባት ካለው ክትባቱ፣ እንዲሁም «ለግልቢያ የሠለጠነ፣ የማይናከስ፣ የማይራገጥ» የሚለው ቃል ይግቡበት። ሻጩ በቃል የተናገረውን ሁሉ ጽፎ ለመፈረም ካንገራገረ፣ ላልጻፈው ቃል ያን ያህል ብር ከዋጋው ላይ ይቀንሱ። የተወሰነ የሙከራ ጊዜ ቢስማሙ መልካም ነው፤ ከዋጋውም የተወሰነውን ብቻ ከፍለው ቀሪውን ከዚያ በኋላ ይስጡ። ፈረሱን ሲወስዱ ሲበላ ከነበረው ድርቆሽ የ10 ቀን ያህል አብረው ይግዙ፤ መኖ በድንገት ሲቀየርበት የሆድ ቁርጠት ይይዘዋልና፣ አዲሱን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ያለማምዱት።